የዲክሲስ ቀንበሮች

የውብዳር ፊቷን ልትታጠብ ማንቆርቆሪያ ይዛ ጓሮ ብቅ ስትል፣ በእድሩ ድስት ሥር ቀንበር ይነዳል። ሟቹ ባሏ መርሻ ጫፉን ቀይ ቀለም ቀብቶት ስለነበር ወዲያው አወቀችው።

«ከየት አመጣችሁት?»

የእድሩ ዳኛ አቶ አሰግድ ኮራ ብለው ነገሯት። ከቀብሩ ጀምሮ ዝናብ ስላላባራ የእድሩ እንጨት ርሷል፤ ለሠልስት የመጣ እንግዳ ደግሞ ጦሙን አይሸኝም። ከጓሮ ክፍሉ ጣራ ላይ የተንጠለጠሉ አሮጌ ቀንበሮች ሲያገኙ፣ መርሻ ነፍሱን ይማረውና ማገዶ ሊያደርቅ የሰቀላቸው መስሏቸው ሁሉንም ሲፈልጡ አረፈዱ። ደግ ሰው ናቸው እንግዲህ፣ ምን ይባላል!

የውብዳር ፍልጡ ላይ ተቀመጠች።

መርሻ አሰላ ተመድቦ ሥዕል የሚያስተምር ሰው ነበር። የዲክሲስ ባለርስቶች ትራክተር አስገብተው ጭሰኞቻቸውን ሲያስለቅቁ፣ እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ የተነቀሉትን ሰዎች ቀንበር ለምኖ ያመጣ ጀመር። ልክ በሬ አንገት በሚደርስበት ቁመት በገመድ አንጠለጠላቸው። ከየቀንበሩ ሥር፣ በቲማቲም ጣሳ፣ ከባለቤቱ ማሳ የመጣ ገብስ ዘራ። ሰፈሩ አስተማሪው ለየለት አለ። የውብዳርም ብትሆን ታፍርበት ነበር።

«ይሄ ደግሞ ምኑ ሥዕል ነው?» አለችው አንድ ቀን።

«ሰው ውስጡ የሚገባበት ሥዕል ነው። ገብሱ ሲያሸት ባለቤቶቹን እንጠራለን።»

አልጋ ላይ ከዋለ በኋላም ሌላ ኑዛዜ አልነበረውም፤ ውሃ እንዳትረሺ፣ ሰዎቹን ጥሪልኝ ብሎ አስማላት። አሁን ምን አሳይታ ትጥራቸው?

ፍልጡ ላይ እንደተቀመጠች ሀሰኖ ከዲክሲስ ደረሰ። ቀንበር ከሰጡት አንዱ ነው፤ መርዶውን ገበያ ላይ ሰምቶ በእግሩ መጣ። «አላህ ያጽናሽ» ብሏት የሰጠው ቀንበር የት እንዳለ ጠየቃት። መዋሸት አልቻለችም፤ በእጇ ወደ እሳቱ አመለከተችው።

ሀሰኖ ጎንበስ ብሎ ባልነደደው ጫፍ በኩል ሳበው። ግማሹ ከስሏል። አቶ አሰግድ ነገሩ ሲገባቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

«የአባቴ ነበር» አለ ሀሰኖ። «የት ነበር የሰቀለው?»

ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ወደ ጓሮ ክፍሉ ወሰደችው። ክፍሉ ውስጥ ባዶ ገመድ ብቻ ተንዠርጓል። ጣሳዎቹን ሰው በእግሩ ገፍቶ ጥግ አድርሷቸዋል፤ ገብሱ ግን አረንጓዴ ነው። ሀሰኖ ቁጢጥ ብሎ ዳሰሰው።

«የኛ ማሳ ገብስ ነው። እዚያ አሁን ስንዴ ነው የሚዘሩት» አለና ተነሥቶ ቀንበሩን ገመዱ ላይ መልሶ አሰረው። የከሰለው ጫፍ ገና ይጨሳል።

የውብዳር በዚህ ጊዜ ነው አምርራ ያለቀሰችው። ማንቆርቆሪያውን አንሥታ በቀንበሩ ጫፍ ፍም ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችበት። ጥቁር ውሃ መንጠባጠብ ሲጀምር አንዱን ጣሳ ከጥግ ሳበችና ከሥሩ አስጠጋችው።