መውረድ ብቻ

"ቀስ እማዬ፤ ብረቱን አትልቀቂ!"

ልብስ ሰፊዋ የእናቷን ቀሚስ ከኋላ ጨብጣ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ አብራት ትወርዳለች። ከታች ደግሞ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ "ወደ ካሜራው እማማ፣ ወደ ካሜራው!" እያለ ያጣድፋል። የሰፈሩ ሰው "አቶ ይሆናል" የሚል ስም አውጥቶለታል፤ ምን ቢጠይቁት መልሱ ያው ነውና። ከጎኑ እንግዶቹ ቆመዋል። ሰፈሩ ለአረጋውያን የሚመች እንዲሆን ገንዘብ የሰጠው ድርጅት ሰዎች ናቸው። ከሁሉም ፊት መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለችው አለቃቸው አለች።

እናትየዋ ስትሮክ ግማሽ ጎኗን ከመታት ወዲህ ቀኝ እጇ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። በግራ እጇ አዲሱን የብረት መደገፊያ ጭምድድ አድርጋ ይዛ ወርዳ መሬት ስትረግጥ፣ ግቢው በጭብጨባ ቀለጠ። ከዓመት በላይ ፀሐይ ያላገኘው ፊቷ እንደ ልጅ ፊት ፈካ። ልጇ ግን መሳቅ አልሆነላትም።

ደረጃው በሁለት ግድግዳ መካከል የተሰነቀረ ጠባብ ነው። ገንዘቡ ለብዙ ሕንፃ ይዳረስ ተብሎ ብረቱ በአንድ ጎን ብቻ ተተከለ። ሠራተኞቹ ሊለኩ የመጡ ቀን "በየት በኩል ይሁንልዎት?" ቢሏት፣ እናትየዋ ደረጃው አናት ላይ ቆማ ወደ ግራዋ ጠቆመች። ልጅቷም "አዎ፣ ደህናው እጇ ግራዋ ነው" ብላ አጸናችላት። ያን ያህል ጊዜ ቤት የተዘጋበት ሰው የሚናፍቀው ደጅ ማየትን ነው፤ መመለሱን ማን አስቦት! ፊቷን ወደ ላይ ስታዞር ብረቱ በሞተው እጇ በኩል እንደሚውል የገባቸው፣ ብሎኑ ከጠበቀ፣ ሠራተኞቹም ከሄዱ በኋላ ነው።

ልጅቷ በነጋታው ለአቶ ይሆናል ነግራው ነበር።

"ሁለተኛው ዙር ገንዘብ ሲለቀቅ በሌላውም ጎን ይተከላል፤ ይሆናል" አላት። "ብቻ አደራሽን፣ እንግዶቹ ፊት እንዳታነሺው። ስህተት ካዩ ጨርሶ ያቆሙታል።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነበር ነገሩ። ሌላ ተስፋ ስላልነበራት ግን እሺ አለች።

እንግዶቹ ለስብሰባ በዚያው ደረጃ ወደ ፎቅ ሲወጡ እናትና ልጅ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀሩ። ፀሐዩ መጀመሪያ ደስ ይል ነበር፤ ኋላ በረታ። እናትየዋ መቁነጥነጥ ጀመረች።

"ምነው እማዬ?"

"ሽንቴ መጣ።"

"እንግዶቹ ወርደው እስኪሄዱ ትንሽ ቻይው።"

"ሽንት ቀጠሮ ያውቃል እንዴ ልጄ?"

ምድር ቤቱ መጋዘን ነው፤ ሽንት ቤት የለውም። ልጅቷ ዘበኛውን ጠራችው፤ እናቷ ስትሮክ መትቷት ከሆስፒታል የተመለሰች ቀን አዝሎ ያወጣላት እሱ ነበር።

"እህቴ፣ ወገቤ አልቋል" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ዛሬ እኔም ራሴ ተሸካሚ የሚያስፈልገኝ ሰው ነኝ።"

ብቻዋን ገባችበት። እናቷን ከብብቷ ሥር ይዛ፣ በጉልበቷ እየደገፈች ጥቂት እንዳወጣቻት የእናትየዋ ደህና እግር ከዳት። ግራ እጇ ልሙጡን ግድግዳ ቧጠጠ፤ የሚጨበጥ ነገር አላገኘም። ተዝለፍልፋ ደረጃው ላይ ቁጭ ስትል ቀሚሷ መራስ ጀመረ።

"ወይኔ! ወይኔ ልጄ፣ አዋረድኩሽ።"

"ምንም አልሆነም እማዬ፣ ዝም በይ" አለቻት።

ከላይ በር ተከፈተ። የአለቃዋ ድምፅ ጥርት ብሎ ወረደ።

"እንግዲህ የዚህ ሰፈር ሥራ ተጠናቋል ብለን እንዝጋው? ከሆነ ሁለተኛውን ዙር ለሌላ ሰፈር እናዛውረዋለን።"

ልጅቷ ጆሮዋን ወደ ላይ አቅንታ የአስተባባሪውን መልስ ጠበቀች።

"ይሆናል" አለ አቶ ይሆናል። "እዚህ የጎደለ ነገር የለም።"

ወዲያው ከላይ ብቅ ሲል እናትና ልጅን አየ። እንግዶቹን ቀድሞ ወደ ታች ሮጠና ጎንበስ አለ።

"ወደ ግድግዳው አስጠጊያቸው! በሻርፕሽ ሸፈን አድርጊያቸው፤ ደክሟቸው ነው እላለሁ" ሲል አንሾካሾከ። "እኔም ልጆች አሉኝ እህቴ፣ ከሥራ እባረራለሁ።"

እናትየዋም በደህና እጇ የልጇን ክንድ ጭብጥ አደረገች። "አሳልፊያቸው። በዚህ ዕድሜዬ ገመናዬን አታውጪብኝ፤ በጡቴ ይዤሻለሁ።"

ልጅቷ ሻርፑን ከትከሻዋ አወረደች። እንደተባለችው ብታደርግ እንግዶቹ ፈገግ ብለው ያልፋሉ፤ እናቷም ክብሯ ሳይነካ ቤቷ ትገባለች። ከዚያ ወዲያ ግን ይህን ደረጃ የምትወርደው ዓይኗን ከጨፈነች በኋላ፣ ሰዎች ተሸክመዋት ነው።

"ይቅር በይኝ እማዬ" አለቻት በጆሮዋ።

ሻርፑን መልሳ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። እርጥቡ ደረጃ ላይ ከእናቷ ጎን ቁጭ ብላ መንገዱን ሞላችው። እናትየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አለቃዋ እላያቸው ደርሳ ቆመች።

"ማለፍ ይቻላል?" አለች በትሕትና።

"አይቻልም" አለች ልጅቷ።