ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ

ወንበር ሠሪው ዓይነ ስውር ነው፤ ደንቆሮ ግን አይደለም። ይህን ልዩነት የሚያውቁ ሰዎች በዕድሜው ሙሉ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሲያናግሩት ይጮኻሉ። ሐኪም ቤት ሲሄድ እንኳ «የቱ ጋ ነው የሚያመው?» ብለው የሚጠይቁት ሚስቱን ነው።

የሱቅ ፈቃድ ማሳደሻው ወደ ድረ ገጽ ሲዛወር ከሰፈሩ ሁሉ ደስ ያለው እሱን ብቻ ነበር። ስልኩ በጣቱ የነካውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብለታል። «ከእንግዲህ የማንንም ዓይን አልለምንም» አለ። ያለ ነገር አይደለም። ድሮ የሚስቱ ወንድም «እኔ ዓይን እሆንሃለሁ» ብሎ የማዕዘኑን ሱቅ ያስመዘገበው ግን በገዛ ራሱ ስም ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ እሱ እባቡን አላየውም፣ ተነድፎ ነው ያወቀው። አሁን የቀረችው ከጀርባ ያለችው ጠባብ ሱቅ ናት። እሷም ዛሬ ቢሮው እስኪዘጋ ፈቃዷ ካልታደሰ ለሌላ ሰው ትሰጣለች።

ስሙን ሞላ፣ ሥራውን ሞላ። መጨረሻው ላይ ስልኩ «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ። በሥዕሉ ላይ የሚያዩትን ፊደል ይጻፉ። ሥዕል» አለና ጸጥ አለ። ደግሞ ነካው። «ሥዕል።»

«ምን አለህ?» አለች ሚስቱ።

«ሰው ነህ ወይ አለኝ።»

«ታዲያ ነኝ አትለውም?»

«በዓይንህ ካላረጋገጥክ አላምንም አለ።»

«አምጣው እስቲ፣ እኔ ላንብብልህ።»

«ወንድምሽም ያነበበልኝ እንዲሁ ብሎ ነው።»

ሚስቱ ምርኩዙን አንሥታ እጁ ላይ አኖረችለትና «ተነሥ፣ ቢሮ እንሂድ» አለች።

የቢሮው አዳራሽ በባለጉዳይ ተሞልቷል። ወንበር ሠሪው ሲቀመጥ በልማዱ ከመቀመጫው ሥር ዳበሰ፤ የገመዱ ቋጠሮ የራሱ የእጅ ሥራ ነው። ተራው ደርሶ ጉዳዩን ሲነግራት መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አዘነችለት።

«አባባ፣ ስልኩን ይስጡኝ፤ ባንድ አፍታ እጨርስልዎታለሁ።»

«አልሰጥም የኔ ልጅ። አንቺ ደግ ነሽ፤ ነገ በቦታሽ የምትቀመጠው ግን ምን እንደሆነች አላውቅም።»

ኃላፊው ነገሩን ሰምቶ ወጣ። «ወንድሜ፣ ለእናንተማ ለብቻ አስበንበታል! ከላይ ጥጉ ላይ ፊደል ማተለቂያ አለ። ሲጫኑት ይሄን ያህላል።»

«በእጁ እያሳየህ ነው» አለችው ሚስቱ ሳቋን እየዋጠች።

«ግድግዳ ቢያክልስ? እኔ የጎደለኝ ዓይን እንጂ መነጽር አይደለም» አለና የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፈተው። ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ! አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየው። ደገመው። ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ!

«ሰው ነው! እኛ ምስክር ነን!» አለ አንድ ሥጋ ሻጭ ከሰልፉ መሀል፤ ሁሉም ሳቀ።

«ኧረ ድምፁን ይቀንሱት!» አለ ኃላፊው።

«እናንተ ሥዕሉን አንሡ፣ እኔ እቀንሳለሁ።»

የኮምፒውተር ባለሙያው ተጠራ። «ይሄ እኮ ሌባ እንዳይገባ ነው» ብሎ ጀመረ።

«የከለከለው እኔን ነው። ሌባውማ ዓይን አለው።»

ሚስቱ አቀረቀረች። ባለሙያው አንገቱን አከከ። በሥዕሉ ፈንታ በመልእክት ቁጥር መላክ ይቻላል፤ ስልኩ ያነበዋል። ጥቂት ነካክቶ «ይኸው፣ ለእርስዎ ከፍቼልዎታለሁ» አለ። ቁጥሩ መጣ፣ ወንበር ሠሪው ጻፈው፣ አለፈ። «ላክ» አለ ስልኩ። ጣቱ ግን አየር ላይ ቀረ።

«ለእኔ ብቻ ነው የከፈትከው?»

«ለጊዜው...»

«እንግዲያው አልልክም።»

«አንተ ሰውዬ!» ሚስቱ ክንዱን ያዘችው። «ሊዘጉ ነው እኮ! ሱቃችን!»

«አውቃለሁ» አለ። ዘበኛው መስኮቶቹን ሲዘጋ ይሰማዋል። ሆኖም «አንድ ጊዜ ምጽዋት ከተቀበልኩ ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ በር ላይ ነኝ» አለና እንደሱ ዓይነ ስውር የሆነው ጓደኛው፣ መጥረጊያ ሠሪው ጋ ደወለ።

«ድረ ገጹን እስቲ ሞክረው።»

«ያው ሥዕል ነው የሚለኝ» አለ መጥረጊያ ሠሪው፤ ድምፁ በአዳራሹ ተሰማ። «እኔ እንጃ፣ ሰው ሳልሆን አልቀርም።»

ኃላፊው አዳራሹን ቃኘ። ማንም ንቅንቅ አላለም። «በቃ ለሁሉም ክፈተው!» አለ።

«የበላይ ፈቃድ ያስፈልጋል» አለ ባለሙያው።

«የዚህ ቢሮ የበላይ ማነው? እኔ ነኝ! ክፈተው!»

ባለሙያው ነካካው፤ ሁሉም ጆሮውን ወደ ስልኩ ጣለ። ከዚያ መጥረጊያ ሠሪው «ቆይ፣ ቁጥር መጣልኝ... አለፍኩ! በስተርጅና ሰው ሆንኩ!» ብሎ ጮኸ።

ያኔ ወንበር ሠሪው ጣቱን አሳረፈ። «ማመልከቻዎ ደርሷል» አለ ስልኩ። ሚስቱ የያዘችውን ክንድ ለቀቀችና ምርኩዙን አቀበለችው።

በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። «የወንበሮቻችሁ ገመድ ላልቷል፤ ላኩልኝ። ሱቁን ካጣችሁት ድረ ገጹ ላይ ፈልጉ፤ በስሜ ነው ያለው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሞክሩት።»