ባለ አንድ ዓይኑ ቧንቧ

ሁለት ዓመት ሙሉ ቧንቧችን ሲያንጠባጥብ የኖረው በእኔ ተንኮል ነው። ልጄ ባህሮም ጎማውን ሦስት ጊዜ ቀየረለት። ሦስተኛውን ሲያስገባ ጥርሱን ነክሶ አጠበቀውና «ከአሁን በኋላ አንዲት ጠብታ ብትወርድ ጢሜን እላጫለሁ!» አለ። በማግስቱ ወረደች። ጢሙ ግን እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ስሜ ኢኖባት ነው። እዚሁ ማርጊላን ከተማ፣ ሐር ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ የሐር ትሉ የተጠቀለለበትን ድር ከፈላ ውሃ ውስጥ እያወጣሁ የክሩን ጫፍ በጣቴ መፈለግ ነበር። ጫፍ በማግኘት የሚቀድመኝ አልነበረም፤ ያላመነ የዚያን ጊዜ ሰው ካገኘ ይጠይቅ። ታዲያ ሠላሳ አንድ ዓመት የቀቀልኳቸው ጣቶች ጡረታ ስወጣ አብረውኝ ጡረታ ወጡ። መጀመሪያ አውራ ጣቴ፣ ቀጥሎ የቀሩት እየተቆለመሙ መጡ። ማንኪያ እንደምንም እይዛለሁ። ክብ የቧንቧ እጀታ ማዞር ግን ዘበት ነው።

ጠዋት ችግር የለብኝም። ምራቴ ማቭጁዳ እንደ ደንባችን የመዳብ ማንቆርቆሪያውን ሞልታ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ታስታጥበኛለች። ቤታችን ከገባች ሰባት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቀን አላጓደለችም። እኔም እጄን ሳላራግፍ እመርቃታለሁ፤ የታጠበ እጅ ማራገፍ እኛ ዘንድ ነውር ነው። ማታም እሷ አለች። መከራዬ ቀትር ላይ ነው። ባህሮም ሚኒባሱን ይዞ ይወጣል፣ ማቭጁዳ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች፣ ቤቱ ለእኔና ለድመቷ ይቀራል። የዙሁር፣ የቀትሩ ሶላት፣ አዛን ሲወጣ ለመስገድ ታጥቤ ውዱእ ማድረግ አለብኝ፤ ቧንቧው ግን ጥርቅም ብሏል።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» የሚል ሰፈራችንን አያውቅም። የጎረቤታችን የዙልሁሞር እጅ የደከመ ጊዜ ምራቷ የመድኃኒት ቤት ሥራዋን ትታ ቤት ተቀመጠች። መንደሩ ሁሉ «ምራት ማለት እንዲህ ናት!» ብሎ አወደሳት። ያቺ ልጅ ዛሬ መስኮት ላይ ተቀምጣ መንገድ ታያለች። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ተነስቼ ነው ወደ ፈላው ውሃ የሄድኩት። ማቭጁዳ ማታ ማታ ቀይ እስክሪብቶዋን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ፣ ደብተር እያረመች፣ በልጆቹ ስህተት ብቻዋን ስትስቅ ሳያት ልቤ ይሞላል። ይህችን ልጅ እወዳታለሁ። ፊት ለፊት ነግሬያት አላውቅም። የእኔ እጅ ከትምህርት ቤቷ ከሚያስወጣት ግን ቢቆረጥ ይሻለኛል።

ስለዚህ ተንኮል አሰብኩ። ጠዋት ማንቆርቆሪያውን ሞልታ ቧንቧውን ስትዘጋ «ኧረ እንዲህ አታጥብቂው፤ ጥርሱን ትበይዋለሽ!» እላታለሁ። ላላ አድርጋ ትተወዋለች። እሷ ስትወጣ ትንሽ ሳፋ ከሥሩ እገፋለሁ፣ ጠብ ጠብ እያለ እስከ ቀትር ውዱእ የሚበቃ ይጠራቀማል። ባህሮም መጥቶ ጎማ በቀየረ ቁጥር ግን እንደ አዲስ ይጠብቅና ሳፋዬ ደረቅ ሆኖ ይጠብቀኛል። እንዲያ ባለ ቀን ቀትሬን እያለቀስኩ አሳልፌዋለሁ።

በቤታችን ነገርን ፊት ለፊት መናገር አልተለመደም። «ልጄ፣ ላንቺ እናገራለሁ፤ ምራቴ፣ አንቺ ስሚ» ይላል የአገሬ ሰው። ሴት ልጅ ስለሌለኝ እኔ የምናገረው ለድመቷ ነው። «አንቺ ድመት፣ ዛሬ ሾርባው ጨው አልበዛበትም?» እላለሁ። ማቭጁዳም ከጓዳ «አንቺ ድመት፣ ነገ ይስተካከላል በያቸው» ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያልን ሰባት ዓመት ተፋቅረን ኖረናል።

ባለፈው ጸደይ አንድ ምሽት ሻይ እየጠጣን ሳለ ማቭጁዳ ድመቷን አቀፈቻት። «አንቺ ድመት፣ የሒሳብ ጥያቄ ልጠይቅሽ» አለች። «ትምህርት ባለበት ቀን የሚያንጠባጥብ፣ እኔ ቤት በምውልበት ቀን የሚደርቅ ቧንቧ ምን ዓይነት ቧንቧ ነው?»

ድመቷ መዳፏን ላሰች። እኔ ስኒዬ ላይ አቀረቀርኩ።

ማቭጁዳም ወደ ባሏ ዞራ «ሊጥ በነካው እጄ ቧንቧ መክፈት ሰልችቶኛል። እጅ ሲያይ በራሱ የሚከፈት አለ አሉ፤ እሱን ግዛልኝ» አለችው።

«ሳይነኩት የሚከፈት ቧንቧ?» አለ ባህሮም። «ነገ ደግሞ ሳይጎርሱት የሚያጠግብ የሩዝ ፕሎቭ አምጣ በይኝ!»

«እሱንማ አንተ እንዳታገኘው። ሚኒባስህ ሆድህን መሸከም አቅቶታል።»

እሁድ ገበያ ሄድን። «ኦዪ፣ እርስዎም ይምጡ» አለችኝ፤ እንደ ባሏ እሷም እናቴ ስትል ኦዪ ነው የምትለኝ። «እሱ ብቻውን ከሄደ የሚያብረቀርቀውን ይዞ ይመጣል።» የቧንቧ ሻጩ አፈ ቅቤ ነበር። ከሁሉ በፊት በአንድ ዘንግ ወደ ላይ የሚነሳውን አሳየን። «ይህ ቀላል ነው፤ እናታችን ይሞክሩት» አለ። እጄን እጅጌዬ ውስጥ እንደደበቅኩ በአንጓዬ ገፋሁት፤ ተነሳ። መልሼ ስጫነው ሕመሙ እስከ ትከሻዬ ወጣ። ፊቴን ድንጋይ አደረግሁት። ቀና ስል ማቭጁዳ የምታየው ቧንቧውን አልነበረም።

«ይህ አይሆነኝም» አለች ለሻጩ። «ሊጥ ይይዘዋል። ባለ ዓይኑን አሳየኝ።»

ባለ ዓይኑን አመጣ። ከአንገቱ ሥር የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ዓይን አለችው። ባህሮም አጭሩን መረጠ፤ ረከስ ይላል። ማቭጁዳ ግን አንገተ ረጅሙን ይዛ ክርኗን ከሥሩ አስገባችና ለካች። ሊጥ የሚያቦካ ሰው ክርኑን ምን ሊያደርግ ይታጠባል? ክርኑን የሚታጠብ ለሶላት የሚዘጋጅ ሰው ነው። አየሁ፤ ገባኝ። ቀጥሎ በመብራት ነው ወይስ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ብላ ጠየቀች። «መብራት ሲጠፋ ሰው ቀትር ላይ ውሃ አጥቶ ይቀመጥ?» አለች። ቀትር የሚለውን ቃል ከየት አመጣችው?

ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። መንገዱን ሁሉ በሆዴ የማብሰለስለው አንድ ነገር ነበር፤ ውሃው በራሱ ከወረደ ጠዋት ጠዋት ማን ያስታጥበኛል? ሰባት ዓመት ቀኔ የሚከፈተው በዚያች ልጅ እጅ ነው። ለብረት ለቅቃኝ ልትገላገል ይሆን እያልኩ ተብሰከሰክሁ።

ባህሮም ካቻቢቴና ፒንሳውን ይዞ መታጠቢያው ሥር ገባ። ሆዱ ውጭ ቀረ። አሮጌውን ፈቶ ሲያወጣ ጎማውን በጣቱ እያገላበጠ «ይገርማል! ጎማው እኮ አዲስ ነው፣ ምንም አልሆነም። ታዲያ ያ ሁሉ ጠብታ ከየት...» ብሎ ቀና ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«ብረት ያረጃል» ብላ አቋረጠችው ማቭጁዳ። «ይልቅ ዋናውን ውሃ ዘግተኸዋል?»

አጥብቆ አልዘጋውም ነበር። ቱቦውን ሲነካው ፏ ብሎ ፊቱ ላይ ፈነዳ፣ ድመቷ ጣሪያ ላይ ወጣች። ከዘጋ በኋላ አዲሱን አቆመው፣ ቱቦዎቹን አሰረ፣ ባትሪ ድንጋዮቹን ከተተ። ቧንቧው ግን አይሰማም አይለማም። «የማይረባ ዕቃ ነው! ነገ ሻጩ አናት ላይ ነው የምመልስለት!» እያለ ሲፎክር ማቭጁዳ መመሪያውን አንብባ ባትሪዎቹን አገላበጠቻቸው። እጇን ስታስገባ ወረደ። ከሥር ባለው መዝጊያ ሙቁንና ቀዝቃዛውን እያደባለቀች ለብ እስኪል አስተካከለችው። ባህሮም ሞከረ፤ ወረደ። ድመቷን ታቅፎ እግሯን አስገባ፤ ለድመቷም ወረደ።

«ኦዪ፣ እርስዎስ?» አሉኝ።

«እኔ ብረት ለምኜ አልታጠብም» ብዬ ገባሁ። ኩርፊያዬን ከእነ እራቴ ይዤ ተኛሁ።

በማግስቱ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ማቭጁዳ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆማለች። እንደ ወትሮው እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ። እኔም የዚያን ቀን ሳልመርቃት አልቀረሁም፤ እንዲያውም ምርቃቴ ስለረዘመባት «ኦዪ፣ ደወሉ ይደወልብኛል!» ብላ እየሳቀች፣ ባዶውን ማንቆርቆሪያ መታጠቢያው ውስጥ አስቀምጣ ሮጠች።

የዙሁር አዛን ወጣ። ከድመቷ በቀር የሚያየኝ አልነበረም። እጅጌዬን በጥርሴ ሰበሰብሁና ወደ ባለ ዓይኑ ቀረብኩ። ማንቆርቆሪያው አፉ ድረስ ሞልቶ መታጠቢያው ውስጥ ቆሟል። ማቭጁዳ ሞልታልኝ የሄደች መሰለኝ፤ እኔ ግን ያንን የሚያህል መዳብ ከነውሃው ማንሳት አልችልም። ቢስሚላህ ብዬ እጄን ከቧንቧው ሥር ዘረጋሁ።

አልወረደም።

ዝቅ አደረግሁት። ከፍ አደረግሁት። መዳፌን ገለበጥኩ። «አንተ ባለ አንድ ዓይን፣ እኔ ነኝ» አልኩት። ምንም። ለማቭጁዳ ወርዷል፣ ለባህሮም ወርዷል፣ ለድመቷ እንኳን ወርዷል። የእኔን እጅ ግን አላየውም። ደም የሌለው፣ የሞተ እጅ አይታየውም ማለት ነው አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዓይን የማይታይ ክር ያገኘ እጅ፣ ዛሬ እሱ ራሱ የማይታይ ሆነ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ።

ለቅሶው ሲያልቅ ንዴት መጣ። ፊቴን እዚያች ጥቁር ዓይን ላይ ለጥፌ «ይኸው! ሰው ነኝ፣ እየኝ!» ልለው ጎንበስ ስል ማንቆርቆሪያው ከለከለኝ። ክንዴን በእጀታው ውስጥ አሾልኬ በሙሉ ጉልበቴ ወደ ጎን ወረወርሁት። መዳቡ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ቤቱ ተናወጠ፣ ውሃው እስከ ጉልበቴ ረጨኝ፣ ድመቷ ዳግመኛ ጣሪያ ወጣች።

ያን ጊዜ ወረደ። ለብ ያለ ውሃ፣ በተዘረጋው ክንዴ ላይ።

እጄን ብስበው እንዳይቆም ፈርቼ አልነቃነቅሁትም። ቀስ ብዬ ሳወጣው ቆመ። መልሼ ሳስገባው ወረደ። እጄን ሦስት ጊዜ፣ አፌን፣ አፍንጫዬን፣ ፊቴን፣ ክንዴን እስከ ክርኔ ታጠብኩ። እግሬን በሳፋው ታጠብኩ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጠብታ ሳልቆጥር ውዱእ ያደረግሁት ያን ቀን ነው። ሰግጄ ስጨርስ ዱዓዬ ውስጥ የቧንቧ ሻጩ ሳይቀር ገባ።

ከሰዓት በኋላ ማቭጁዳ መጣች። ርጥቡን ወለልና የተጨፈለቀውን ማንቆርቆሪያ ስታይ ቦርሳዋን ጥላ ወደ እኔ ሮጠች። «ወድቀው ነው? የት ጋ ነው የመታዎት?» እያለች ራሴን ዳበሰች።

«አልወደቅሁም። ወርውሬው ነው።»

የሆነውን ስነግራት ግንባሯን መታች። «እኔ ደደብ! ማንቆርቆሪያውን እጅ መስሎት ነው እኮ። ሲሞላው ቆይቶ፣ አልነሳ ሲለው ዘጋ፤ እሱ ካልተነሳ ደግሞ አይከፍትም። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ!»

ድመቷን ፈለግሁ፤ ገና ጣሪያ ላይ ናት። የዚያን ቀን ግን የምናገረው ለድመቷ አልነበረም፤ ለራሷ ለማቭጁዳ እንጂ።

«ማቭጁዳ» አልኳት፣ «እጄ አይሠራም። ቧንቧ አያዞርም፣ ማንቆርቆሪያ አያነሳም። ሁለት ዓመት ሆነው። እንዳልነግርሽ የፈራሁት ትምህርት ቤቱን እንዳያስተዉሽ ነው።»

እሷ አጠገቤ ወለሉ ላይ፣ እርጥቡ ላይ ተቀመጠች። ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«አውቅ ነበር» አለችኝ። «ከመጀመሪያው ክረምት ጀምሮ አውቃለሁ። ዝም ያልኩት... ኦዪ፣ ዝም ያልኩት እኔም ያንኑ ፈርቼ ነው። ነገሩ በአፍ ከወጣ ቤት ተቀመጪ እንዳልባል። የእርስዎን መከራ እያየሁ ለራሴ ሳስቼ ዝም አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

«የእኔ ዓይነት ሰው ነሽ» አልኳት። «ሁለት ውሸታሞች አንድ ቧንቧ ስናስለቅስ ከረምን።» የተቆለመመውን እጄን ጭንቅላቷ ላይ አስቀመጥኩ። እሷም ይዛ ሳመችው። የነገርኳትን ሌላውን ነገር ግን ለራሴ አስቀረዋለሁ፤ ሰባት ዓመት የዘገየ ቃል ነበር።

ባህሮም ማታ ሲገባ ማንቆርቆሪያውን አየው። «ይህን ማን ጨፈለቀው?»

«እኔ» አልኩ። «እጄ ማንሳት ስለማይችል በክንዴ ጣልኩት። ሁለት ዓመት ነው እጄ ከሞተ።»

ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፋ። እጄን አየ፣ ቧንቧውን አየ፣ ያንን አዲስ ጎማ አስታወሰ መሰለኝ ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። 

«እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ማቭጁዳ...» ብሎ ጀመረ።

«ማቭጁዳ ነገ ትምህርት ቤት ትሄዳለች» አልኩት።