አሥራ አንድ ገጽ በቀለም

እትዬ ካርቦን የሚል ስም የወጣላት ገና በታይፕ ዘመን ነው። ያኔ ጣቶቿ ከካርቦን ወረቀት ጥቁረት ጸድተው አያውቁም ነበር። ታይፑ ቀረ፣ ስሙ ግን ሙጭጭ ብሎ ቀረባት። አሁን ሁለት ሜትር በሦስት በሆነች ክፍል ውስጥ ፎቶ ኮፒ ታደርጋለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ነጭ ጨርቅ በወጠረችበት ጥግ በትንሿ ካሜራዋ ጉርድ ፎቶ ታነሳለች።

ፕሪንተሯ ለብቻው ታሪክ ነው። ሁለት ሰው ካልተጋገዘ ንቅንቅ የማይል፣ ያለ ገመድ ከማንም ጋር የማይነጋገር፣ አንድ ባለቀለም ገጽ ለማውጣት ሁለት ደቂቃ ሙሉ የሚያቃስት አሮጌ ነው። ክፉ አመልም አለበት፤ ሥራ መሃል ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፣ እንደገና ከአንደኛው ገጽ ይጀምራል። ስንት ወረቀትና ስንት ቀለም እንዲህ በከንቱ እንዳስበላት እሷ ናት የምታውቀው። ስትረግመው ነው የኖረችው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የእህቷ ልጅ ታብሌት በፎጣ ጠቅልላ ገባች። ግራ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። አራት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አላት። ባሏ ከቤቱም ከእሷም እንዲርቅ ትእዛዝ እንዲሰጥላት አመልክታ፣ ዳኛዋ ማስረጃውን በወረቀት፣ ያውም በሁለት ኮፒ አምጪ ብላታለች፤ አንዱ ለመዝገቡ፣ አንዱ ለባልየው። ወረቀቱ ካልደረሰ ትእዛዝ የለም። ትእዛዝ ከሌለ ደግሞ ማታ የምትገባው እዚያው ቤት፣ እዚያው ሰውዬ ጋ ነው።

ታብሌቱ ውስጥ አሥራ አንድ ፎቶ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በመታት ቁጥር፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ ራሷን ያነሳችው ነው። እትዬ ካርቦን የመጀመሪያውን ስታየው ቀኑን አወቀችው። የዚያን ቀን ልጅቷ አፍንጫዋ እየደማ ወደ እሷ ነበር ሮጣ የመጣችው። “ፊትሽን ታጠቢና ተመለሺ፣ ትዳር ነው” ብላ የመለሰቻት ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ራሷ ናት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

ለማፈር ግን ጊዜ የለም። ታብሌቱና ፕሪንተሩ ጭራሽ አይተዋወቁም፤ መሃል ገብቶ የሚያግባባቸው ጠረጴዛዋ ላይ ያለው የፈረደበት ኮምፒዩተር ነው። ታብሌቱን በገመድ ሰካች፣ ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒዩተሩ ገለበጠች፣ አሥራ አንዱንም በአንድ ጊዜ ወደ ፕሪንተሩ ላከቻቸው። ፕሪንተሩ አቃሰተ። የተሰበረ አፍንጫ ወጣ። የጠቆረ ትከሻ ወጣ። በሲጋራ የተጠበሰ ክንድ ሲወጣ እትዬ ካርቦን ዞር ብላ ግድግዳውን አየች፤ አላስቻላትም።

አራተኛው ገጽ ላይ በሩ በእርግጫ ተበረገደ። ባልየው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ትከሻው በሩን ሞላው። ጠዋት ታብሌቱን ፈልጎ ሲያጣው ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም፣ ሚስቱ ከዚህች ክፍል ሌላ መግቢያ እንደሌላት ያውቃል።

“ታብሌቴን” አለ።

መልስ አልጠበቀም። የሚስቱን ፀጉር ጨምድዶ ግንባሯን ከጠረጴዛው ጋር አላተመው። ደገመው። እትዬ ካርቦን ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች። ይኼ ሰው እስከ ትናንት “እትዬ፣ እንደምን አደሩ” እያለ ጎንበስ የሚልላት ሰው ነው፤ አሁን “ዞር በይ አንቺ አሮጊት” አላትና በቡጢ አፏን አላት። የፊት ጥርሷ ተነቅሎ ምላሷ ላይ ወደቀ። ደሙን ከነጥርሷ ተፋችው።

ታብሌቱን ከነገመዱ መንጭቆ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨው። መሬት ላይ ጣለው። መስታወቱ ዱቄት እስኪሆን ድረስ በተረከዙ ረገጠው።

“አለቀ” አለ እያለከለከ። “እስቲ አሁን በምን ትከሺኛለሽ?”

ይኼኔ ፕሪንተሩ አቃሰተና አምስተኛውን ገጽ ተፋ። አንገት ነው፤ አንገቱ ላይ አምስት የጣት ምልክት አለ፣ የራሱ ጣቶች። ሰውየው ፎቶው ከታብሌቱ ጋር የሞተ መስሎት ነበር፤ መሃል የገባው ኮምፒዩተር ሁሉንም ይዞ እንደተቀመጠ በምን ይወቅ? ዕቃ መጫን ማውረድ እንጂ ይኼን አያውቅም። ፕሪንተሩን አቅፎ ሊያነሳው ታገለ፣ አቃተው። ገመዱን ነቀለው። ስድስተኛው ገጽ ግማሽ ፊት እንዳሳየ ቆመ።

ከዚያ መሬት ወደወደቀችው ሚስቱ ዞረ። በጫማው ጎኗን አላት፤ የጎድን አጥንቷ ቀጭ ሲል እትዬ ካርቦን በጆሮዋ ሰማችው። ሊደግማት እግሩን ሲያነሳ እትዬ ካርቦን ትልቁን ስቴፕለር፣ ያን መቶ ገጽ የሚመታውን ብረት፣ አንስታ ጆሮ ግንዱ ላይ አሳረፈችበት።

በዕድሜዋ ሰው መትታ አታውቅም። ሲንገዳገድ ደገመችው። እጁን ሲያነሳ እጁን መታችው፣ ጣቱ ተሰበረ። ጉልበቱን መታችው፣ ተንበረከከ። መምታት እንዲህ ቀላል መሆኑ ራሷን አስፈራት፣ ግን አላቆመችም። ያስቆማት ጎረቤቷ ጫማ ሠሪው ነው፤ መዶሻውን እንደያዘ ዘሎ ገባና ሰውየውን በደረቱ አስተኝቶ ጀርባው ላይ ተቀመጠበት። ሰውየው “ሚስቴ ናት! ሚስቴ ናት!” ይላል። ጫማ ሠሪውም ዝም በል፣ ሰምተናል አለው።

ሦስት ሰዓት ከአምስት ሆኗል። እትዬ ካርቦን ገመዱን መልሳ ሰካች። ያ ክፉ አመለኛ እንደልማዱ ካቆመበት አልቀጠለም፣ ሀ ብሎ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልረገመችውም፤ እንዲያውም ሳቅ አመለጣት፣ ሳቋ ደም ደም አላት። የወጡት አምስቱ አሉ፣ ሙሉው አሥራ አንድ እየመጣ ነው፣ የቀሩትን ስድስቱን ደግማ ስትልክ ሁለት ኮፒ ሞላ። ጎረቤት የጠራቸው ፖሊሶች ደርሰው ሰውየውን አንስተው ሲያወጡት ሁለተኛውን ኮፒ አሳየችው።

“ይኼኛው ያንተ ነው” አለችው።

ሰዓቱ ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ልጅቷ ጎኗን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው ፎጣውን ውሃ ነክራ መጣች። እንዲህ ሆነሽ ዳኛ ፊት አትቀርቢም፣ ነይ ፊትሽን ልጠብልሽ አለቻት።

እትዬ ካርቦን ፎጣውን በቀስታ ገፋችው። ሄዳ ነጩ ጨርቅ ፊት ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ደሙ ከአገጯ እስከ ሸሚዟ ወርዷል። ደንበኞቿን ሁሌ እንደምታዘው አገጯን ቀና፣ ትከሻዋን ቀጥ አደረገች።

“አልታጠብም” አለች። “አንቺን ታጠቢ ያልኩሽ ይበቃኛል። ካሜራውን አምጪና አንሺኝ።”