አረንጓዴው ቦርሳና የሜምፊስ ዳኞች

ለሜምፊስ ነዋሪዎች በሙሉ! የዩኒቨርሲቲያችን የስጦታ ቦርሳ ከዛሬ ጀምሮ ከወይን ጠጅ ወደ አረንጓዴ ቀለም መለወጡን በታላቅ ደስታ እናበስራለን።

ነገሩ ብዙ ስብሰባ ፈጅቷል። ኤችአይቪን አስቀድሞ የሚከላከል አዲስ መርፌ እየተጠና ነው፤ ወንድ የሚወዱ ጥቁር ወጣቶች ግን ጥናቱ ውስጥ የሉም። ሊቃውንቱ ጥፋቱን ፈልገው ፈልገው ቦርሳው ላይ አገኙት።

የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ሆሊስ ለእኔ ለመልማዩ አንድ ነገር ጨመረልኝ፤ "እስከ እሑድ አንድ ሰው እንኳ ካላስመዘገብክ የምዝገባ ጠረጴዛችን ወደ ዴንቨር ከተማ ይሄዳል። እዚያ ነጮቹ ተሰልፈው ነው የሚመዘገቡት።"

በሌላ አነጋገር መድኃኒቱ በሌሎች ገላ ይፈተንና ለእኛ "ሳይሠራ አይቀርም" ተብሎ ይላክልናል። እኔም ከእነዚሁ ልጆች አንዱ ነኝ፤ "ሳይሠራ አይቀርም" የሚባል መርፌ አልወድም።

እሑድ ከሰዓት በተከራዩት አዳራሽ ልጆቹ ለውድድር ተውበው በየተራ ይራመዳሉ፤ እኔም ጥግ ላይ ጠረጴዛዬን ዘርግቼ ቦርሳ አድላለሁ። ዳኞቹ ካልጣማቸው ክንዳቸውን ያጣምራሉ፤ ያኔ በሰው ሁሉ ፊት ተባረርክ ማለት ነው። ዴዝማሪዮን እንደ ልማዱ መጣ። ሁልጊዜ ቦርሳ ይወስዳል፤ ለመመዝገብ ፊቴ ያለው ወንበር ላይ ግን ተቀምጦ አያውቅም።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው? ሰላጣ?"

"አዲስ ስልት ነው።"

"አይ ስልት!" ባለ ተረከዝ ጫማውን ከተተበትና ሄደ።

የልጆቹ ሁሉ እናት የምትባለው ቫሌንሲያ ይህን አይታ ጠረጴዛዬን መታች።

"ስማ፣ አንተ ባለ ባጅ! ስንት ወር እንደ ጉምሩክ ተጎልተህ ልጆቼን ታያለህ። አንተስ ታይተህ ታውቃለህ?"

"እማዬ፣ ሥራ ላይ እኮ ነኝ።"

"እነሱስ ምን ላይ ናቸው? ተነሺ!"

እሷ እንደ ልጆቿ በሴት አጠራር "ተነሺ" ካለችህ ማምለጫ የለም። አንዱን ቦርሳ አንጠልጥዬ ወደ መራመጃው ወጣሁ። መጀመሪያ ግርማ ነበረኝ፤ ስዞር ማንጠልጠያው አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ዳኞቹ ሁሉ ክንዳቸውን አጣመሩ። አንዱ "ዩኒቨርሲቲው ወደቀ!" ብሎ ሲጮህ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ላቤን እየጠረግኩ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ዴዝማሪዮን ፊቴ ቆሟል።

"ከዚህ ሁሉ ሳቅ በኋላ ተመልሰህ ተቀመጥክ?"

"የት ልሂድ?"

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

"መርፌው ከመጀመሩ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ አለ፣ አይደል?"

"አለ።"

"ውጤቱ ሲነገረኝ ማን ይኖራል?"

"አንተና ነርሷ። ከፈለግክ እኔ በር ላይ እጠብቅሃለሁ።"

"ክንድህን አጣምረህ?"

"ቦርሳህን በሁለት እጄ ይዤ።"

ፈረመ።

ሰኞ ቦርሳውን በሁለት እጄ ይዤ በር ላይ ቆምኩ። ዴዝማሪዮን ተመርምሮ፣ የመጀመሪያውን መርፌም ተወግቶ ክንዱን እያሸ ወጣ። ጠረጴዛችን ከዴንቨር ተረፈ። ዶክተር ሆሊስ እስክሪብቶውን መዞ እየሮጠ መጣ።

"እንኳን ደህና መጣህ! ለሪፖርታችን ነው፤ ምን ሳበህ? ቀለሙ ነው፣ አይደል?"

ዴዝማሪዮን ቦርሳውን ከእጄ ተቀበለኝ።

"መጣሁ፣ በቃ።"

"በአንዲት መስመር ብቻ፣ ለምን..."

"አላብራራም።"