የራስትኮ ጀርባ

ግራዲሚር ቬሊችኮቪች አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አልፈጠረበትም። ምሳ እየበላ ብድግ ይላል፤ ሳይጠራ ስልኩን አንስቶ ያያል፤ ቲያትር ቤት እንግዳ ሆኖ ቢሄድ እንኳ የሚመርጠው በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ነው። ሚስቱ ዶብሪላ፣ «እኔ ያገባሁት ሰው ሳይሆን ኮት ነው፤ ወይ ሲለበስ ነው የማየው ወይ ሲወልቅ» ትላለች።

ሥራውም እንደሱ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ጠዋት በአንዱ ፊልም ፖስታ አዳይ፣ ከሰዓት በኋላ በሌላ ተከታታይ ድራማ ሰካራም ጎረቤት ሲሆን ኖረ። በወጣትነቱ በጦርነት ፊልሞች ላይ አንዴ የጀርመን ወታደር፣ አንዴ ጀርመንን የሚወጋ ፓርቲዛን አርበኛ እየሆነ ሲሞት ከረመ። ፀጉሩ መሸሽ ሲጀምር ደግሞ ዳኛ፣ ሐኪም፣ ትኬት ቆራጭ፣ የሙሽራ አባት ሆነ። ቤልግሬድ ውስጥ ፊቱን የማያውቅ የለም፤ ስሙን የሚያውቅ ግን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። አንድ ጊዜ ትራም ውስጥ አንዲት ሴትዮ አፍጥጣ ስታየው ቆየችና፣ «አንተ አይደለህ እንዴ እህቴን ፈትተህ የሄድከው?» ብላ በቦርሳዋ ልትነርተው ምንም አልቀራትም። እሱ ይቅርታ ጠይቆ ወረደ። ለካ ሳይታወቀው የሰውየውን ጥፋት ተቀብሎላት ነበር።

የሚዜው የራስትኮ ማርያኖቪች ነገር ግን ሌላ ነው። ሁለቱ በአንድ ዓመት ከድራማ ትምህርት ቤት ወጡ፤ በአንድ ጠባብ ክፍል ተከራይተው ኖሩ፤ ግራዲሚር ሲያገባ ራስትኮ ሚዜው ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ «ሚዜ» እየተባባሉ እንጂ በስም ተጠራርተው አያውቁም። ቁመታቸው እኩል ነው፣ ትከሻቸውም እኩል ነው። ልዩነቱ ራስትኮ ሲገባ ክፍሉ ይሞላል፣ ግራዲሚር ሲገባ ሰው በሩን ማን ከፈተው ብሎ ይዞራል። ስለዚህ ራስትኮ መሪ ተዋናይ ሆነ፤ ግራዲሚር ደግሞ በየፊልሙ የራስትኮ ሾፌር፣ የራስትኮ ወንድም፣ የራስትኮ የጦር ጓድ ሆኖ ግማሽ እርምጃ ከኋላው ሲከተል ኖረ።

አንዳንዴ ታዲያ ቅር ይለው ነበር። ቅናት ነው እንዳይል ራስትኮን ይወደዋል። ቅናት አይደለም እንዳይል ደግሞ የፊልም ማስታወቂያ የተለጠፈበት ግድግዳ ሲያልፍ እርምጃው ይፈጥናል።

አንድ በረዷማ ክረምት ሁለቱም ሊም ወንዝ አጠገብ ቀረጻ ላይ ነበሩ። ዳይሬክተሯ ኢስክራ የምትባል፣ ገና ሠላሳዎቹን የጀመረች፣ ሲጋራዋን ሳትለኩስ አፏ ላይ ይዛ የምትውል ልጅ ናት። ራስትኮ የአባቱን ቤት ሊሸጥ ወደ ትውልድ መንደሩ የሚመለስ ሽማግሌ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ግራዲሚር ያው እንደወትሮው ሻንጣ የሚሸከምለት የአክስቱ ልጅ ነው። ቀረጻው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ራስትኮ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ማንኪያው ከእጁ ወደቀበት። ሊያነሳ ጎንበስ አለ፤ በዚያው ቀረ።

ስትሮክ ነው ተባለ። በሕይወት መትረፉ ሲሰማ ሁሉም እንደተነፈሰ፣ ኢስክራ ግራዲሚርን ወደ ውጭ ጠራችው።

«አጎት ግራዳ፣ የቀረን የድልድዩ ትዕይንት ብቻ ነው። ቤቱን ሳይሸጥ ተመልሶ የሚሄድበት። ከኋላ ነው የምቀርጸው። የራስትኮን ኮት ቢለብሱት... አረማመዱን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም።»

«ዕድሜ ልኬን ሳየው የኖርኩት ጀርባውን ነው» አለ ግራዲሚር። «ከሚስቱ ይልቅ እኔ ነኝ የማውቀው።»

«እሺ አሉኝ ማለት ነው?»

«ኮቱን አምጪው።»

ኮቱ ልኩ ሆነ። ግራዲሚር በብረቱ ድልድይ ላይ ቆሞ የራስትኮን ትከሻ ትከሻው አደረገ፤ ቀኝ እግሩን ትንሽ ወደ ውጭ ጣል፣ አንገቱን አንድ ሰው ከኋላ እንደጠራውና መስማት እንዳልፈለገ ሰው ቀጥ አደረገ። መሄድ ጀመረ። ንፋሱ ማጅራቱን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። መሃል ላይ ሲደርስ አንድ ሐሳብ መጣበት፤ አሁን ብዞርስ? ካሜራው ያለው እዚያ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ላይ ያረፈ ካሜራ ዛሬ ከእሱ ሌላ የሚያየው ሰው የለውም። አንገቱ በራሱ ጊዜ ዞረ።

«ቁም!» አለች ኢስክራ። «አጎት ግራዳ፣ ምን ነካዎት? ፊትዎ ታየ እኮ!»

«ንፋሱ ነው» አለ። ጆሮው እስኪቀላ አፈረ።

ሁለተኛውን ጊዜ ሳይዞር ተሻገረ። ወዲያ ማዶ ደርሶ ቆም አለ። ኢስክራ ያፏን ሲጋራ ለኮሰችው።

ሆስፒታል ውስጥ ራስትኮ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት፣ ምላሱ ተሳስሮ ተኝቷል። የራስትኮ ሚስት ሌፖሳቫ፣ «ሐኪሙ አዋሩት ብሏል፤ እኔ የማወራው አለቀብኝ» አለች። ግራዲሚርም በየቀኑ ከቀረጻ ወደ ቀረጻ ሲሮጥ መሃል ላይ እየገባ ስለ ፊልሙ ያወራለት ጀመር። በመጀመሪያው ቀን፣ «ድልድዩን እኔ ተሻገርኩልህ» ሲለው፣ የራስትኮ ዓይን እንባ ሞላ። ግራዲሚር ደነገጠ። ከዚያ በኋላ አነጋገሩን ለወጠ። «ድልድዩ መሃል ስትደርስ» ይለዋል፣ «ንፋሱ ማጅራትህን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ልዙር ልዙር ይልሃል፤ አትዞርም።» በፊልሙ ውስጥ የሚሄደው ሰውዬ ለነገሩ ራስትኮ አይደል? ምን ክፋት አለው ብሎ ነው። ራስትኮ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ «ድገምልኝ» ይላል በተሳሰረ ምላሱ።

በበጋው ራስትኮ በከዘራ እየሄደ፣ ንግግሩ ተመልሶለት፣ ዳኑብ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ወደሚደረግ የፊልም በዓል ሄደ። ዶብሪላና ግራዲሚርም ሄዱ። የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት ለራስትኮ ሆነ። የዳኞቹ ሰብሳቢ ወረቀቱን እያነበበ፣ «በተለይም ያ የድልድይ ጉዞ፣ ያለ ፊት፣ ያለ ቃል፣ በጀርባ ብቻ...» ሲል ዶብሪላ የባሏን ጭን ቆነጠጠችው።

በማግስቱ ጋዜጠኞች ራስትኮን ከበው ይጠይቁታል። ግራዲሚር አጠገቡ ተቀምጧል፤ ማለት አንዴ ተቀምጦ አንዴ ተነስቶ።

«እንዴት አድርገው ሠሩት?» አለች አንዷ።

«ንፋሱ ማጅራቴን እንደ ምላጭ ነበር የሚቆርጠው» አለ ራስትኮ በዝግታ። «መሃል ስደርስ ልዙር ልዙር አለኝ። አንገቴን እምቢ አልኩት።»

ግራዲሚር ፊቱን አየው። የሚዋሽ ሰው ፊት ያውቃል፤ ይሄ ግን እያስታወሰ ነበር። በሽታው ትዝታው ውስጥ የቆፈረውን ጉድጓድ ግራዲሚር በራሱ ቃላት ሞልቶለት ኖሯል።

ኢስክራ ወደ ጥግ ወሰደችው። «ልናገር? አንድ ቃል ይበቃል።»

«ተይው።»

«ስምዎ እኮ የተጻፈው በአክስት ልጅነት ብቻ ነው።»

«ተይው አልኩሽ!» አለና ቦርሳውን ረስቶ ወጣ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዶብሪላ መንገዱን ሙሉ አልለቀቀችውም። «አንድ ጊዜ! በሕይወትህ አንድ ጊዜ ያንተ የሆነ ነገር መጣ፣ ያንንም እንደ ሻንጣ ተሸክመህ ሰጠኸው!»

«ታሞ ነው፣ አንቺ ሴትዮ።»

«አንተስ ደህና ነህ?»

ግራዲሚር መኸሩን ሙሉ ሥራ ላይ ሥራ ደረበ። ኖቪ ሳድ ላይ ቄስ፣ ክራጉዬቫትስ ላይ የተባረረ ሚኒስትር፣ ለቢራ ማስታወቂያ አያት ሆነ። አንድ ቀን የቄሱን ንግግር ሚኒስትር ሆኖ ጀመረውና ሁሉም ሳቀ፤ እሱ ግን ላብ አጠመቀው።

ኅዳር ላይ ራስትኮ ደወለ። ድምፁ የደስታ ነው። «ሚዜ፣ ና ቶሎ! ዋና ሚና አገኘሁ። የተራራ መንገድ መሪ ነኝ፤ በበረዶ ውስጥ ከላይ እስከ ታች በእግሬ ነው የምወርደው!»

ሌፖሳቫ በሩን ስትከፍትለት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እጁን ያዘችው። «ሐኪሙ ደረጃ እንኳ ሲወርድ ያዙት ብሏል። እኔን አይሰማኝም። ድልድዩን አልተሻገርክም ስለው፣ ቀንተሽ ነው አለኝ፤ በምን እንደምቀናበት እንጃ። ካንተ ብቻ ነው የሚቀበለው።»

ራስትኮ ጎንበስ ብሎ ቦት ጫማ ይለካል። «እግሬ ይጎተታል ትሉኛላችሁ። ካሜራ ሲበራ ይስተካከላል! ድልድዩ ላይ ተስተካክሎ የለ?»

ግራዲሚር ኮቱን ሳያወልቅ ቆመ። ትንሽ ወዲህ ወዲያ አለ። መስኮቱን ከፈተ፤ ዘጋው።

«ምን ያቁነጠንጥሃል? ተቀመጥ እንጂ።»

«ሚዜ፣ ድልድዩ ላይ አንተ አልነበርክም።»

«ምን?»

«ሆስፒታል ነበርክ። እየመጣሁ ያወራሁልህን ነው የምታስታውሰው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ተሻገርክ፣ ተሻገርክ እያልኩ።»

ራስትኮ ቦት ጫማውን እንደያዘ ቀረ።

«ማነው ታዲያ የሄደው?»

«እኔ ነኛ።»

«ሂድ እስቲ።»

«ወዴት?»

«እዚሁ! ኮሪደሩ ላይ። ሂድ፣ ልይህ።»

ግራዲሚር ኮሪደሩን ተሻገረ። ትከሻው ሰፋ፤ ቀኝ እግሩ ትንሽ ወደ ውጭ ወጣ፤ አንገቱ ቀና። ሌፖሳቫ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች፤ ባሏ ጤነኛ ሆኖ ሲሄድ ያየች መስሏት ነው። ጫፍ ደርሶ ሲዞር ራስትኮ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ውጣ» አለ።

«ሚዜ...»

«ከቤቴ ውጣ አልኩህ! አካሄዴን ትተህልኝ ውጣ!»

ከዚያ ቀን ወዲያ ስልክ አላነሳም። ታኅሣሥ ላይ ግራዲሚር ቤት የቅዱስ ኒኮላስ ዝክር ነበር፤ ራስትኮ ያለ ጥሪ የሚመጣበት ቀን ነው። ዶብሪላ ሳህኑን አስቀመጠችለት። ሌላው እንግዳ ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ሄደ፤ የራስትኮ ሳህን ንጹሕ እንደሆነ ተነሳ። በዚያ ቀን ዶብሪላ ስለ ሽልማቱ ምንም አላነሳችም፤ ከዚያ በኋላም አንስታ አታውቅም። ግራዲሚር የፍራፍሬ አረቄውን፣ ራኪያውን፣ ቆሞ ጠጣ። የተራራውን ፊልም ሌላ ተዋናይ እንደያዘው ከጋዜጣ አነበበ፤ ራስትኮ ራሱ «አልችልም» ብሎ ትቶታል። ማንበቡ ዕረፍት መስጠት ሲገባው ይባስ አቅበጠበጠው።

የካቲት ላይ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በሚተላለፍ ተከታታይ ድራማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ያለው ሰው ሆነ። ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ጠርሙስ ሲደረድር፣ ከበስተጀርባው የከዘራ ድምፅ ሰማ። ዞር ቢል ራስትኮ ማርያኖቪች ርካሽ ሹራብ ለብሶ፣ የሳል መድኃኒት ከሚገዙት ደንበኞች ጋር ተሰልፏል።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ሥራ አግኝቼ ነው። አንድ መስመር አለኝ።»

«አንተ? አንድ መስመር?»

«ለምኜ ነው ያገኘሁት፤ አታስቅብኝ።»

ቀረጻው ተጀመረ። ራስትኮ ወደ ባንኮኒው ቀረበ፤ ዓይኑን ከሩቅ አምጥቶ ግራዲሚር ላይ አሳረፈና፣ ከጥልቅ ጉድጓድ በሚወጣ ድምፅ፣ «ለሳል... የሚሆን... ነገር አለ?» አለ። የካሜራው ሰው ሳይታዘዝ ወደ እሱ ተጠጋ።

«ቁም!» አለ ዳይሬክተሩ።

ግራዲሚር በባንኮኒው ላይ ጎንበስ አለ። «ሚዜ፣ የያዘህ ሳል ነው እንጂ ሚስትህ አልሞተችም።»

«ታዲያ እንዴት ነው የሚባለው?»

«ምንም እንዳይደለ። እኔን ደግሞ አትየኝ፤ መደርደሪያውን እይ። ከበስተኋላህ የተሰለፈችው ሴትዮ ነች ዛሬ የምታለቅሰው፤ ቦታ ልቀቅላት።»

«አርባ ዓመት እንዲህ ስታደርግልኝ ነበር?»

«እና ምን መስሎህ ነው?»

ራስትኮ ወደ ሰልፉ ተመለሰ። ሁለተኛው ቀረጻ አልሆነም፤ ሦስተኛው ላይ የሳሉን መድኃኒት ጠርሙስ በስህተት አንከባሎ ሰበረ። በአራተኛው መስመሩን ተናገረ፤ ማንም ልብ አላለውም፤ ሴትዮዋ አለቀሰች፤ ዳይሬክተሩ «ጥሩ ነው!» አለ። ራስትኮ ላቡን እየጠረገ ግድግዳው ሥር ካለች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«ከባድ ነው ለካ» አለ። ቀጥሎም ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ «ያቺን የሽልማት ሐውልት ግን አልሰጥህም። ሌፖሳቫ ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀምጣታለች።»

«ማን ጠየቀህ?»

«ከወገቧ በታች ያንተ ነች። ስትመጣ ታያታለህ።»

ግራዲሚር ነጭ ካፖርቱን እያወለቀ ሳቁ አመለጠው። ሌላው እጁ ግን ኮቱን ፍለጋ ሄዷል።

«ደግሞ ወዴት ነው?»

«ፓንቼቮ። ዳኛ ነኝ ዛሬ፤ አርፍጃለሁ።»

ራስትኮ ከዘራውን ተደግፎ ከወንበሩ ለመነሳት ታገለ። ግራዲሚር ክንዱን ሰጠው።

«ተከሳሽ የሚሆን ሰው አግኝተዋል?» አለ ራስትኮ። «ተቀምጦ የሚከሰስ ከሆነ ማለቴ ነው።»

ግራዲሚር ፓንቼቮ ደውሎ ሊጠይቅለት ስልኩን አወጣ።