ሦስት ደቂቃ ያለ ወረቀት

ሱሀይራ ንግግሯን የጻፈችበትን ወረቀት ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ አጥፋ ዘርግታዋለች፤ እጥፋቱ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል። የትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ ክበብ ሕግ አንድ ነው፦ ተራው የደረሰ ያለ ወረቀት ሦስት ደቂቃ ይናገራል። እሷ ሁለት ሐሙስ ጉሮሮዬን አመመኝ ብላ ቀርታለች። ዛሬም ከቀረች ስሟ ይሰረዛል።

በምሳ ሰዓት እናቷ ዳሃቦ ቲማቲም ወደምትሸጥበት ወደ ቀፊራ ገበያ ሄደች። መቀመጥ ግን አልቻለችም፤ የሚዛኑን ድንጋይ ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች።

«አንቺ ልጅ፣ ጉንዳን ወረረሽ እንዴ?»

«ሆዮ» አለች እናቷን በሶማሊኛ ጠርታ፣ «አንድ ቃል ከጠፋኝ ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ! እኔ አማርኛ ስጀምር የጠፋኝን በሶማሊኛ እሞላው ነበር። እየሳቁ ይገዙኝ ነበር።» ይህን ብላ ሳትጨርስ ከሐርላ መንደር ከወረደች ሴትዮ ጋር በኦሮምኛ መከራከር ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ በክበቡ መጀመሪያ የተናገረው ሂሻም ነበር። እንግሊዝኛ ለሥራ፣ ለውጭ አገር ትምህርት እንደሚጠቅም ዘረዘረ፤ ተጨበጨበለት። ሱሀይራ ደነገጠች። ወረቀቷ ላይ ያለው ያው ነው። ግን ማንም ሳያዛት ልብስ ስታጥብ ከራሷ ጋር በእንግሊዝኛ የምትሟገተው ለሥራ ብላ ነው እንዴ?

ተራዋ ሲደርስ ወረቀቱን ወንበሯ ላይ ትታ ወደ ፊት ወጣች። ትናንት አንድ ገዢ የእናቷን ሚዛን ተጠራጥሮ ያስነሳውን ጭቅጭቅ በእንግሊዝኛ መተረክ ጀመረች። ወዲያው የ«ሚዛን» እንግሊዝኛው ጠፋት። የጣሪያው ማራገቢያ ሲንቋቋ ይሰማታል።

«ሚሳን» አለች በሶማሊኛ፤ ቀጠለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ቲቸር፣ እንግሊዝኛዋን በኪሎ ይመዝኑላት!» አለ ሂሻም።

ፊቷ ነደደ። «ቆይ፣ ቀጥሎ ያንተን እንመዝናለን» አለችው በእንግሊዝኛ፣ ሳታስበው። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። እሷ ገዢው ቲማቲሙን ተሸክሞ ወደ ጎረቤት ሚዛን የሮጠበት ላይ ደርሳለች።

«ጊዜሽ አለቀ» አሉ የክበቡ መምህር ሉቅማን ሰዓታቸውን አይተው።

«ቲቸር፣ ገና አልተመዘነም እኮ!»

«የሚመጣው ሐሙስ ትቀጥያለሽ።»

ሐሙስ ሩቅ ነው። ደወሉ ሲደወል ወረቀቷን እንኳ ሳታነሳ ሂሻምን እስከ በሩ ተከተለችው። በእንግሊዝኛ፣ ቃል ሲጠፋት በሶማሊኛ እየሞላች፣ የቀረውን ትነግረው ጀመር።